እትዬ ጡሩምባ እና የወንዝ ማዶው ፍርድ

አናጢ በእጁ፣ ዘበኛ በዐይኑ፣ ተሸካሚ በጀርባው ይበላል፤ እትዬ ጡሩምባ የምትበላው በጉሮሮዋ ነበር። ባጃጇ ጣሪያ ላይ ሁለት ሞንታርቦ አስራ፣ በአንድ እጇ መሪውን በሌላው ማይኩን ይዛ፣ ወንዝ ዳር የተቀመጠችውን ከተማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታዳርሳታለች። ነገ ውሃ የሚቋረጥበትን ሰፈር፣ የጠፋውን ሕፃን የሹራብ ቀለም፣ አዲስ የተከፈተውን ሱቅ፣ ሊሞላ የደረሰውን ወንዝ ከተማው የሚሰማው ከእሷ አፍ ነው። ስም አውጪ ሰፈርተኛ "ጡሩምባ" አላት፤ ዕድሜዋ ገፋ ሲል ደግሞ ለክብሯ "እትዬ" ጨመረላት። እሷም አልተቀየመችም። "ጆሮ ጠቢ ከመባል ጡሩምባ መባል ይሻላል" ትላለች፣ ሹማምንት ባሉበትም ጭምር።

አንድ ሕግ ነበራት፤ ዐይኗ ያላየውን አፏ አይጮህም። ጫማ አስተዋውቂልኝ ያላት ነጋዴ መጀመሪያ ጫማውን ያጫማታል፤ ቀለም ሻጩ መጀመሪያ ቀለሙን ያመጣላታል። በዚህም የተነሳ የቤቷ በር አንዱ ክንፍ ሰማያዊ፣ አንዱ ክንፍ ብርቱካን፣ መቃኑ ደግሞ አረንጓዴ ነው። እንግዳ ሲስቅባት "ሦስቱም አልላጡም፣ ና ፋቀው" ትለዋለች።

የከተማዋ ወንዝ ተራ ወንዝ አይደለም፤ ድንበር ነው። በዚህ አንድ አገር፣ በዚያ ሌላ አገር፤ በዚህ አንድ ሕግ፣ በዚያ ሌላ ሕግ። መሃላቸው አንድ ድልድይ አለ። ሰዉ ግን መታወቂያውን አሳይቶ ጎረቤት ቤት እንደሚሄድ ይሻገራል። እትዬ ጡሩምባ ራሷ ያላትን አንዲት ልጅ የዳረችው ለማዶ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ትሻገራለች፤ ከልጇ ጋር በልታ፣ ተጨቃጭቃ፣ አማቿን አመስግና ትመለሳለች።

ነገሩን ያመጣው የጋዝ ምድጃ ነው።

ምድጃውን የሚሠራው ማዶ ያለ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ወኪሉ አንዱን አምጥቶ ሰጣት፤ አንድ ክረምት ሙሉ ሠራችበት፤ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ማይኩን አንስታ "ግዙት፣ እኔም ቤት አለ" ያለችው። ሰዉም ገዛ፤ እሷ አለችው ከተባለ ምን ቀረ? ፋብሪካው ግን ገበያው ሲደራለት የመዝጊያውን ቁልፍ በርካሽ ቀየረው። አዲሱ ቁልፍ ሲያዞሩት የዘጋ ይመስላል እንጂ አይዘጋም። አንድ ጧት ግድግዳ የምትጋራት ልብስ ሰፊ ክብሪት ስትጭር ቤቱ ፊቷ ላይ ነደደ።

እትዬ ጡሩምባ ሐኪም ቤት ሄዳ የልብስ ሰፊዋን ፊት አየች፣ ማጀቷ ገብታ ምድጃውን አየች፤ ከዚያም ምድጃውን ከገዙት ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ እየገባች ቁልፉን እየዘጋች በአፍንጫዋ አሸተተች። በየቤቱ ያው ሽታ ነው። የተቃጠለውን ቁልፍ ይዛ ወኪሉ ሱቅ ስትሄድ ሰውዬው ግራ ቀኙን አይቶ፣ "እትዬ፣ ፋብሪካውም ያውቃል። የመጣው እስኪያልቅ ነው። አደራ አትጩሂ" አላት።

ጡሩምባን አትጩሂ ይሏል! በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ባጃጇን ድልድዩ አፍ ላይ አቆመችና ሁለቱንም ሞንታርቦ ከፈተች።

"ወገኖቼ! ይህን ምድጃ ግዙ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ዛሬ አትግዙ የምላችሁም እኔው ነኝ። ገዝታችሁ ከሆነ ከቤት አውጡት! ቁልፉ አይዘጋም። ፋብሪካው ያውቃል፤ እያወቀ ይሸጥላችኋል!"

ነፋሱ ወደ ማዶ ይነፍስ ነበር። ድምፅ መታወቂያ አይጠየቅ፤ ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ ያለው ገበያ ገባ። እዚያ ምድጃ ተሸክሞ የነበረ ሰው ምድጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ፋብሪካው ምን አደረገ? ቁልፉን ቀየረ? አልቀየረም። ልብስ ሰፊዋን አሳከመ? አላሳከመም። ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ። የከሰሰውም እሷ በምትኖርበት፣ ምድጃው በነደደበት አገር አይደለም፤ በራሱ ደጅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በዚህኛው አገር ሕግ ስሜ ጠፋ ባዩ ነው የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን የሚያስረዳው። በዚያኛው ደግሞ ተናጋሪው ነው የእያንዳንዷን ቃል እውነትነት የሚያስረዳው። አንድ አፍ፣ አንድ ቃል፣ አንድ የተቃጠለ ፊት፤ ወንዙን ሲሻገር ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ በሌላው ላይ ይጫናል። ሰው ሽንኩርት ሲገዛ ቢያማርጥ ያባት ነው። ባለጠጋ ሰው ዳኛ ሲያማርጥ ግን ነውር ነው፤ ነውር መሆኑን የሚናገርም መጥፋቱ የባሰ ነውር ነው።

መጥሪያው ሲደርሳት ይዛው የሄደችው የእህቷ ልጅ ዘንድ ነው። ልጁ ጠበቃ ነው፤ ቢሮው ፀጉር ቤት ፎቅ ላይ ስለሆነ ባለጉዳዮቹ ሕግና የመላጫ ሳሙና እያሸተቱ ይማከሩታል። አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

"አክስቴ፣ አትሂጂ።"

"ተጠርቼ?"

"እነሱ አንቺን የመዳኘት ሥልጣን የላቸውም። የተናገርሽው እዚህ ነው። ካልሄድሽ ፍርዳቸውን ይዘው ሲመጡ እዚህ እንመልሳቸዋለን።"

"አባቴ ምን ይሉ ነበር? 'ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር።' ሳልናገር ብቀር ጥፋተኛ ናት ነው የሚባለው።"

"አያቴ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሕግ አልተማሩም።"

"አንተ ስትማር የከፈሉልህ ግን እሳቸው ናቸው።"

ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ትሄዳለች፣ ግን የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። "ክቡር ዳኛ፣ ይህ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም።" ትላለች፣ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። "አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ" አላት። ባጃጇን እየነዳች ስትለማመደው ዋለች፤ ማይኩ ተከፍቶ ኖሮ ግማሽ ከተማ አብሯት ሸመደደው።

የማዶው ችሎት ሰፊ አዳራሽ ነበር፤ ወለሉ የተወለወለ፣ ወንበሩ እግር የሚያንጠለጥል። ዳኛው እርጋታ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። የእህቷ ልጅ በዚያ አገር የመከራከር ፈቃድ ስለሌለው ኋላ እንደ ተመልካች ተቀመጠ። እትዬ ጡሩምባ ተነስታ ዓረፍተ ነገሯን አንድም ሳታዛንፍ ተናገረች።

"ተቃውሞዎ ተመዝግቧል" አሉ ዳኛው።

ያኔ መውጣት ነበረባት። ቦርሳዋን አንስታለች፤ ወደ በሩ ዞራለች። የፋብሪካው ጠበቃ ተነሳና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሿ መሄዳቸው አይገርምም። የተናገሩት በዐይናቸው ያዩትን ሳይሆን በሰፈር የሰሙትን ወሬ ነው" አለ።

ቦርሳው ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

"በወሬ? እኔ? በወሬ?"

ከዚያ ማን ያቁማት! የእያንዳንዱን ማጀት ጠረን፣ የልብስ ሰፊዋን ቅንድብ፣ የወኪሉን ሹክሹክታ፣ የበሯን ቀለም ሳይቀር ተረከች። ኋላ የተቀመጠው ልጅ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። የፋብሪካው ጠበቃ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጣት። እንዲያውም ድምጿ ሲሰልል በብርጭቆ ውሃ ቀድቶ፣ "ይጠጡ እናቴ፣ ይቀጥሉ" አላት። ጨዋ ሰው መስሏት አመሰገነችው። ጠጣችና እስከ ምሳ ቀጠለች።

ሲመለሱ የድልድዩ መሃል ላይ ልጁ ቆመ።

"አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሰጠሁሽ" አላት።

"ብየዋለሁ እኮ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጠየቁኝ።"

"ማንም አልጠየቀሽም!"

"ሰደቡኝ፤ ያው ነው።"

"አክስቴ፣ ስሚኝ። ሥልጣን የለህም ብሎ መውጣት አንድ ነገር ነው። ሥልጣን የለህም ብሎ እስከ ምሳ መሟገት ደግሞ ዳኝነትህን ተቀብያለሁ ማለት ነው። ሰውዬው ውሃ የቀዳልሽ ጠምቶሽ አዝኖልሽ ይመስልሻል?"

እትዬ ጡሩምባ የድልድዩን ብረት ያዘች። "ውሻ!" አለች፤ ከዚያም፣ "ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነበር" አለች።

ፍርዱ መጣ። ወኪሉ ሹክ ያለውን ስለካደ ቃሏ እውነት መሆኑን አላስረዳችም ተባለ። ፍርድ ቤቱም ቃል የሚነገረው በተሰማበት ቦታ ነው አለ፤ የተሰማው ማዶ ነውና ጉዳዩ የማዶ ሆነ። እትዬ ጡሩምባ በገበያ ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሞንታርቦ፣ "ስለ ምድጃው የተናገርኩት ሐሰት ነው" ብላ እንድትናገር ታዘዘች። ይህን እስክታደርግ ድረስ ድልድዩን ብትሻገር ትዕዛዝ በመድፈር ትታሰራለች። ፋብሪካው ይህን ፍርድ ይዞ ድልድዩን ተሻገረና፣ "ይኸው፣ እናንተም አስፈጽሙልኝ" ብሎ የዚህን አገር ፍርድ ቤት ደጅ አንኳኳ።

ልጇ ደግሞ ማዶ እርጉዝ ሆና የመውለጃ ወሯ ገብቶ ነበር። የበኩር ልጅ ነው። ስልክ ደወለች።

"እማ፣ በይው በቃ። የአንድ ቀን ነገር ነው። ሰዉ ሁሉ ተገድደሽ እንደሆነ ያውቃል።"

"ልጄ፣ ግዙ አልኩ፤ ተሳስቼ ነበር፣ አትግዙ አልኩ። ሦስተኛ ተመልሼ ዋሽቼ ነው ካልኩ፣ ወንዙ የሞላ ዕለት ሽሹ ብዬ ስጮህ ማን ከአልጋው ይነሳል?"

"እኔ ምጥ የያዘኝ ዕለትስ እማ፣ እኔን ማን ያነሳኛል?"

ከወዲያ በኩል ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱ ባጃጇ ወጣች፤ ውሃ የሚቋረጥበት ሰፈር ተነገረ። ድምፁ ግን የወትሮው እንዳልነበረ የማያዳምጡት እንኳ አወቁ።

የዚህኛው አገር ችሎት ጠባብ ነው። ማራገቢያው ይንቋቋል፤ ወንበሩ ስለማይበቃ ግማሹ ባለጉዳይ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ዳኛዋ ጎልማሳ ሴት ናቸው፣ ሲናገሩ ቃል የማያባክኑ። ፋብሪካው በዚህም በኩል ሌላ ጠበቃ ይዟል፤ የማዶው ባልደረባውም ሊታዘብ ተሻግሮ መጥቶ ከጎኑ ተቀምጧል።

"ክብርት ዳኛ" አለ የፋብሪካው ጠበቃ፣ "ተከሳሿ በማዶው ችሎት ቀርበዋል፣ በሰፊው ተከራክረዋል፣ የቀረበላቸውን ውሃ ሳይቀር ጠጥተዋል።"

"ውሃ መጠጣታቸው ክርክርዎ ነው?" አሉ ዳኛዋ። ግድግዳ የተደገፈው ሁሉ ሳቀ።

የእህቷ ልጅ ተነሳ። በራሱ አገር ምላሱ ተፈትቶለታል። የውጭ ፍርድ እንደ ሸቀጥ ኬላ አልፎ ብቻ የሚገባ አይደለም አለ። መጀመሪያ ያ ፍርድ ቤት ሥልጣን ነበረው ወይ? ቀጥሎ ተከሳሿ በሚገባ ተሰምታለች ወይ? በመጨረሻም ትዕዛዙ ከዚህ አገር የሕግ መሠረት ጋር ይጣጣማል ወይ? ሥልጣን አልነበረውም፤ አክስቱ የገባችው ተቃውሞዋን ለመናገር ብቻ ነበር፤ የቀረው ንግግር ከንዴት የመጣ ነው፣ ንዴት ደግሞ ስምምነት አይደለም አለ። ጥሩ ተናገረ። እትዬ ጡሩምባም ኮራችበት።

ዳኛዋ ወደ እሷ ዞሩ። "እማማ፣ ከእርስዎ ልስማው። እዚያ ቆመው ሲናገሩ የማዶው ዳኛ እንዲዳኙዎት ተቀብለው ነበር?"

ልጁ ከጎኗ ሆኖ በዐይኑ ለመናት። አልተቀበልኩም ካለች ነገሩ ሊያልቅ ይችላል። በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያየ የለም፤ ማን ሊመሰክርባት? ድልድዩ ማዶ ልጇ አለች። አንዲት ትንሽ ውሸት፣ ያውም ለእውነት ስትል የምትዋሽ ውሸት።

"ተቀብዬ ነበር" አለች።

የልጁ ቆሌ ተገፈፈ።

"ስገባ አልተቀበልኩም ነበር። በወሬ ተናገረች ሲሉኝ ግን ዳኛውን አየኋቸው፤ የሚሰማ ሰው መሰሉኝ። የሚሰማ ከሆነ ይፍረድ ብዬ ተናገርኩ። ውሸት ነው ተብዬ ተከስሼ መጥቼ፣ ለመዳን ብዬ እዚህ ብዋሽ እነሱ ልክ ሆኑ ማለት ነው።" የፋብሪካው ጠበቃ በደስታ ይጽፍ ጀመር። እሷ ግን አልጨረሰችም። "ግን ክብርት ዳኛ፣ ዳኝነት ሰጠኋቸው እንጂ ምላሴን አልሰጠኋቸውም። ተሸንፈሻል ይበሉኝ፤ እሱን ቢሉኝ እሰማለሁ። ሐሰት ነው ብለሽ ተናገሪ ሲሉኝ ግን፣ ያንን የሚናገር አፍ የለኝም። ከፈለጉ የእነሱን ሰው ማይክ ይስጡትና ይጩህ። የልብስ ሰፊዋም ፊት አጠገቡ ይቁም።"

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። እሷም ሻሿን ከጉንጯ ላይ አነሳች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ዳኛዋ ቀስ ብለው፣ ማራገቢያውን አጥፍተው አነበቡት። ማዶ ያለው ፍርድ ቤት በአገሩ የተከበረ ነው፤ ተከሳሿ ቀርበዋል፣ ተሰምተዋል፣ ዳኝነቱንም መቀበላቸውን በራሳቸው አንደበት አምነዋል፤ እስከዚህ ድረስ ከሳሹ ልክ ነው። እዚህ ላይ ልጁ ዐይኑን ጨፈነ። "ይሁንና" አሉ ዳኛዋ፣ "የዚህ አገር ሕግ አንድን ሰው ለተናገረው እንዲጠየቅ ያደርጋል እንጂ ያላመነበትን እንዲናገር አያስገድድም። ይህ ፍርድ ቤት ሌላው ፍርድ ቤት ስላዘዘው ብቻ በዜጋው አፍ ውስጥ ቃል አያስቀምጥም። የአፈጻጸም ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ከሳሽ ተከሳሿ የተናገሩት ሐሰት ነው የሚል ከሆነ የዚህ ችሎት በር ክፍት ነው፤ መጥቶ ያስረዳ።"

ፋብሪካው እስከ ዛሬ መጥቶ አላስረዳም። ሐሰት ቢሆን ኖሮ በሩጫ በመጣ ነበር!

ኮሪደሩ ላይ ሰዉ እልል ሲል፣ ውሃ የቀዳላት የማዶው ጠበቃ ወደ ጥግ ሳብ አደረጋት።

"እናቴ፣ እዚህ አሸንፈዋል። እዚያ ግን ትዕዛዙ እንዳለ ነው። ልጅዎ እርጉዝ መሆኗን ሰምቻለሁ። ቢሮዬ ይምጡ፤ ያለ ሞንታርቦ፣ በዝግ በር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉት። ድልድዩን አስከፍትልዎታለሁ። ማንም አይሰማም።"

"ማንም የማይሰማው ከሆነ ለምን ፈለጋችሁት?"

"ለመዝገቡ ነው።"

"ለመዝገቡ ራስህ በለው" አለችው፤ ትታው ሄደች። ደረጃውን ስትወርድ ግን አንድ እርከን ሳተች። የእህቷ ልጅ ክንዷን ያዘ።

"ብትዪለት ማንም አይፈርድብሽም ነበር" አላት።

"አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ያስፈራኝ።"

በፍርድ ቤት አሸንፎ ቤት ገብቶ ማልቀስም አለ። ያን ሰሞን እትዬ ጡሩምባ ሥራዋን ስትጨርስ ባጃጇን ድልድዩ አፍ ላይ ታቆምና ማዶ ያለውን ሰፈር ታያለች። ፖሊሶቹ ያውቋታል። አንደኛው፣ "እትዬ፣ ዘወር ልበልልሽ?" አላት አንድ ቀን። "ተው ልጄ፣ እዚህ ዘወር ብትልልኝ ማዶ ያለው ዘወር አይልልኝም" አለችው።

አንድ ጧት ድልድዩ ላይ ሆዷ የቀደማት ሴት ስትመጣ አየች። ሴትየዋ በየብረቱ እየቆመች ታርፋለች። ከኋላዋ ፍራሽ የተሸከመ ሰው፣ ፊቱ በፍራሹ ተሸፍኖ፣ እየተደናበረ ይከተላታል። ፖሊሱ መታወቂያ እንኳ አልጠየቀም።

ልጇ ባጃጇ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ላብ በላብ ሆናለች።

"ፍርዱን አነበብኩት" አለች። "የእናንተንም የእኛንም።"

"እና?"

"የእኛ የከለከለው አንቺን ነው። እኔን አልከለከለኝም።"

እትዬ ጡሩምባ በመዳፏ የልጇን ግንባር ጠረገች። ፍራሹ ሥር ያለው አማቿ፣ "እማማ፣ እባክዎ ቶሎ ይወስኑልኝ፣ የት ላውርደው?" አለ።

"ተቀይመሽኝ ነበር" አለች እናትየው።

"አሁንም ተቀይሜሻለሁ። ተቀይሜሽ ነው የምወልደው። ታዲያ ከሌላ ሰው ጋር ልውለድ?" ልጇ ወንበሩን ተደግፋ እያቃሰተች ገባች። "ዳኛዋ ስትጠይቅሽ ዋሽተሽ ቢሆን ግን አልመጣም ነበር።"

ፍራሹ ከሞንታርቦዎቹ ጋር ጣሪያው ላይ ታሰረ። አማቿ ኋላ ተንጠላጠለ። እትዬ ጡሩምባ ዐይኗን በክንዷ ጠረገችና ሞተሩን አስነሳች።

"ቀስ በይ እማ።"

"ቀስ ማለት አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዝም ብለሽ ተቀመጪ!" አለች፤ ባጃጇንም እንደ ውሃ እንስራ እየተጠነቀቀች፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረች ነዳቻት።